የመጀመሪያ ሞተራችሁ ላይ ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት የኔን ጉድ ስሙ

ሰላም ናችሁ። ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ሞተር ገዛችና ገና ታርጋዋ ሳይታሰር "ማርሚታዋን (የጭስ ማውጫዋን) ላስቀይራት ነው፣ አንቺ የት ነበር ያስቀየርሽው?" ስትለኝ የዳነው ትከሻዬ እንደገና ያመመኝ መሰለኝ። ቁጭ አድርጌ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኋት፣ ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ለሷ ብቻ ከማወራው ብጽፈው ይሻላል አልኩ፣ ምክንያቱም እኔ ስጀምር "ቆይ እስኪ" የሚለኝ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም የሚያጋግል ብቻ ነበር።

እኔ ነርስ ነኝ። ቤቴ ሐዋሳ ነው፣ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ግን ወደ ለኩ በኩል ገጠር ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ቱላ ድረስ በባጃጅ፣ ከዛ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከዛ ከአስፋልቱ ወርጄ በእግር፣ በቃ ሥራ ሳልጀምር ደክሞኝ ነው የምደርሰው። በ2014 መስከረም ላይ ዕቁብ ደረሰኝና ቦክሰር 150 ገዛሁ። ለጀማሪ አሁንም እሷን ነው የምመክረው። ወደ 12 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፣ አራት ማርሽ፣ በነፋስ የምትቀዘቅዝ፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ካርቡራተር ያላት፣ ፊትም ኋላም የታምቡር ፍሬን፣ ክብደቷ ከ120 ኪሎ ብዙም አይርቅም፣ ብትወድቅባችሁ ብቻችሁን ታነሷታላችሁ። ደግሞ የማያውቃት መካኒክ የለም፣ መለዋወጫዋም ትንሽ ከተማ ውስጥ ሳይቀር አለ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሳስባቸው በጣም ነው የሚቆጨኝ፣ ምክንያቱም ሞተሯ ምንም አልጎደላትም ነበር። የጎደለው እኔ ጋ ነው። አጭር ስለሆንኩ ስቆም በጣቴ ነው መሬት የምነካው፣ ፍሬን ስይዝ እፈራለሁ፣ ዝናብ ሲጥል ቀዩ አፈር ላይ እግሬን ዘርግቼ ነው የምሄደው። ታናሽ ወንድሜ ግን (እወደዋለሁ፣ ይሄንን እንደሚያነበውም አውቃለሁ) ሞተሬን ዞር ዞር ብሎ አያትና "ይቺማ የሽማግሌ ሞተር ትመስላለች፣ ትንሽ እናሳምራት" አለኝ። እኔም ሞኝ፣ እሺ አልኩት።

የመጀመሪያው ማርሚታ ነው። ኦርጅናሏን አውጥተን ውስጡ ባዶ የሆነ አጭር ማርሚታ በ4,500 ብር አስገባን፣ የገጠመልን ልጅ "አሁን ደግሞ እንድትተነፍስ" ብሎ የአየር ፊልትሮውንም አወጣው። ስትነሳ ድምጿ ሰፈሩን አናወጠው፣ ወንድሜ አጨበጨበ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሁለት ቀን እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ፈጣን የሆነች ይመስላችኋል ግን ጩኸት ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም። እንዲያውም ዳገት ላይ በሦስተኛ ትወጣው የነበረውን በሁለተኛ መውጣት ጀመረች፣ ነዳጅ ስለቅላት ደግሞ ከኋላ ጷ ጷ ጷ ትላለች፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ስገባ ክትባት የተወጋ ሕፃን ሁሉ ተነስቶ ያለቅሳል። ኦርጅናል ማርሚታዋን ምን አደረግናት መሰላችሁ፣ ግቢ ውስጥ ቦታ ይዛለች ብለን ለቁራሌው ሸጥናት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው ፓውዛ ነው፣ ተጨማሪ የፊት መብራት። ይሄ እንኳ ምክንያት ነበረው፣ የምሽት ተረኛ ስሆን ጨለማ ውስጥ ነው የምመለሰው፣ የሞተሯ መብራት ደግሞ 35 ዋት ነው፣ ኮረኮንች ላይ በደንብ አያሳይም። ስለዚህ ፍላጎቱ ልክ ነበር፣ አሠራሩ ነው ያበላሸን። ባለ 55 ዋት ሁለት ፓውዛ አስገጠምኩ። 55 እና 55 ማለት 110 ዋት ነው፣ በ12 ቮልት ስታካፍሉት 9 አምፔር ገደማ ይመጣል፣ ይሄንን ሁሉ ሠራተኛው በዛችው ቀጭን የፋብሪካ ሽቦና በትንሿ ማብሪያ በኩል አሳለፈው፣ ሪሌይ የሚባል ነገር (ብዙው ኤሌክትሪክ በትንሿ ማብሪያ እንዳያልፍ የሚያደርገው ዕቃ) የለም። በሳምንቱ ፊውዝ ተቃጠለ፣ ሄድኩ፣ ልጁ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ፊውዙ ቦታ ከተተና "አሁን አይቃጠልም" አለኝ። እውነትም እሱ አልተቃጠለም፣ በሱ ፈንታ ሽቦው ተቃጠለ። አንድ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዝናብ እየጣለ ከኮርቻው ስር የላስቲክ ሽታ መጣ፣ ከዛ መብራት ጠፋ፣ ሞተሯም ጠፋች፣ ፍሬቻ እንኳ የለም፣ እዛ እንሰቱ መሃል በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ቆሜ ቀረሁ። የሰፈሩ ሰዎች ባይደርሱልኝ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ሞተሯን ገፍተው ግቢያቸው አስገቡልኝ፣ እኔንም ቡና አጠጡኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ አይደል? አላቆምኩም። ሽቦዋን አሠርቼ ወር ሳይሞላ መሪ ቀየርኩ። ወንድሜ ሰፊና ከፍ ያለ መሪ አገኘ፣ የገጠር ሞተር የሚመስል፣ "ኮረኮንች ላይ ቆመሽ ለመንዳት ይመቻል" አለኝ፣ በርግጥም ሲያዩት ያምራል። አዲሱ መሪ ከድሮው አንድ ጋት ያህል ይበልጣል፣ ገመዶቹ ግን ድሮ የነበሩት ናቸው። የፍሪሲዮኑም የነዳጁም ገመድ ተወጥሮ ነው የገባው። ስጠይቀው የገጠመው ሰው "ይደርሳል፣ ችግር የለውም" አለኝ። ሲደርስ እኔም ስላየሁ አመንኩ።

ቀጥታ መንገድ ላይ ምንም አይታወቅም። በሦስተኛው ቀን ግን አስፋልቱ ላይ አንድ ሰው አልፌ ስለነበር ዞሬ ልመለስ ብዬ ቀስ ብዬ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ ሳዞረው ሞተሯ ራሷ ነዳጅ ሳበች። እጄን አልነካሁም እኮ! መሪው ሲዞር የቀኝ እጀታው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ገመዱ አጭር ስለሆነ ተጎተተ፣ ካርቡራተሩ ተከፈተ፣ እሷም እንደ በግ ተስፈንጥራ ወጣች። ደንግጬ እጀታውን ጭብጥ አደረግኩት፣ ባሰ። ከፊት ለፊት ጫት የጫነ አይሱዙ እየመጣ ነበር፣ ሾፌሩን እግዜር ይስጠው፣ ወደ ዳር ጠመዘዘው፣ እኔ መሃል አስፋልት ላይ ወደቅሁ። የትከሻዬ አጥንት፣ እኛ ክላቪክል የምንለው፣ ተሰበረ። ስንት በሞተር የወደቀ ሰው ቁስል ያጠብኩ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን የራሴ ባልደረቦች እጄን በጨርቅ አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ስድስት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ።

ሕይወቴን የቀየረችው ግን ውድቀቷ ሳትሆን ከዛ በኋላ ያገኘሁት መካኒክ ነው። የሰፈሩ ሰዎች "ጋሼ ጋ ውሰጂያት" አሉኝ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ትንሽ ጋራዥ ነው ያላቸው፣ በር ላይ የተደረደረ የሚያብረቀርቅ ዕቃ የለም። ሞተሬን አዩዋት፣ ምንም አልተናገሩም፣ መጀመሪያ ካንዴላዋን (ብልጭታ የምትሰጠውን) ፈተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ሲስተር፣ የሰው ምላስ አይታችሁ በሽታ ታውቁ የለ፣ ይሄ የሷ ምላስ ነው" አሉኝ። ጫፉ ነጭ ሆኗል። ቡናማ ከሆነ ደህና ናት፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል፣ እንደዚህ ነጭ ከሆነ ደግሞ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል፣ ከመጠን በላይ እየሞቀች ነው ማለት ነው አሉኝ። ማርሚታና ፊልትሮ ሲቀየር ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ጅግለርም (ነዳጁን የሚመጥነው ትንሽ ቀዳዳ) አብሮ መስተካከል ነበረበት፣ ማንም አልነካውም። ያ ጷ ጷ የሚለው ደግሞ የማርሚታው መጋጠሚያ ላይ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያውን የሚያሽገው) ስላልገባበት አየር እየሳበ ነበር። ከሁሉ የከፋው የፊልትሮው ነገር ነው። በአምስት ወር የኮረኮንች አቧራ በቀጥታ ሞተሯ ውስጥ ገብቶ ፋሻዎቹን (የፒስተኑን ቀለበቶች) በልቷቸዋል፣ ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ጀምራ ነበር፣ እኔ ብርድ መስሎኝ! አዲስ ሞተር በአምስት ወሯ ተከፈተች። ለፋሻውና ለእጅ ዋጋ የከፈልኩት ከማርሚታው በለጠ።

"በይ አሁን ኦርጅናል ማርሚታዋን አምጪ" ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ለቁራሌ ሸጥኳት አልኩ። ጋሼ በሳቅ ፈነዱ፣ እኔ ማልቀስ ነው የቀረኝ። መርካቶ ዘመድ አስጠይቄ፣ በስንት ልመና፣ ቁራሌው ከሰጠኝ ስንት እጥፍ ከፍዬ ያገለገለች ኦርጅናል አገኘሁ። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የምታወጡትን ኦርጅናል ዕቃ ብሎኑ ሳይቀር በፌስታል ጠቅልላችሁ አልጋ ስር አስቀምጡት። ቦሎ ስታሳድሱም ሆነ ሞተሯን ስትሸጡ ትፈልጉታላችሁ፣ ገዢ የተነካካ ሞተር ሲያይ ዋጋ ይሰብራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጋሼ ተምሬ አሁን ሰው ሁሉ እንዲሠራው የምለምነው አለ። መሪ፣ ገመድ፣ ወይም መሪው አካባቢ ያለ ማንኛውም ነገር ከተነካ ከጋራዡ ሳትወጡ ሞተሯን በባዶ ማርሽ አስነሱ፣ ነዳጅ አትንኩ፣ ከዛ መሪውን እስከ መጨረሻ ግራ፣ እስከ መጨረሻ ቀኝ አዙሩት። ድምጿ ትንሽ እንኳ ከፍ ካለ አትንዷት። በቃ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔን ስድስት ሳምንት አስከፍሎኛል።

ትከሻዬ እስኪድን ቤት ቁጭ ብዬ በአንድ ደብተር ላይ "ስነዳ በእውነት ያስቸገረኝ ምንድን ነው?" ብዬ ጻፍኩ። የወጣው ዝርዝር ላይ ድምፅ የሚል የለም፣ መልክ የሚል የለም። እግሬ መሬት አይደርስም፣ ዝናብ ላይ ትንሸራተታለች፣ ፍሬኗን አላምነውም፣ የክትባት ሳጥኑን የማስርበት የለኝም፣ ማታ አይታየኝም። ይሄው ነው። እናንተም አንድ ሺህ ኪሎሜትር ያህል እንዳለች ንዷትና እንደዚህ ጻፉ፣ ከዛ ነው ገንዘብ የሚወጣው።

ሞተሯ ላይ ሌላ ነገር ከመጨመሬ በፊት ሄልሜት ገዛሁ። ድሮ የነበረችኝ መንገድ ዳር የተገዛች ቅርፊት ነበረች፣ ስወድቅ ስላልተሰነጠቀች ጋሼ ሲያዩዋት "ትዳን ይሆናል" ብለው ቀለዱ፣ እኔ ግን ጣልኳት፣ ምክንያቱም አንዴ የተመታ ሄልሜት ውስጡ ያለው ፎም ተጨምድዶ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ አይታይም። ስትገዙ የአገጩ ማሰሪያ ላይ የተሰፋ የኢሲኢ (የሄልሜት ደረጃ) ምልክት ፈልጉ፣ ክብ ውስጥ E ፊደልና ቁጥር አለው፣ አብሮት ያለው ረጅሙ ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል። ስቲከር ብቻ ከሆነ አትመኑት፣ ስቲከር ማንም ያትማል። በሙያዬ ስለሆነ ልንገራችሁ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገሙ ተመራማሪዎች ሄልሜት የራስ ጉዳትን በ69 ፐርሰንት፣ ሞትን በ42 ፐርሰንት ይቀንሳል ብለዋል። ይሄንን የሚያደርግ ማርሚታ የለም። ጓንትም ግዙ፣ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው፣ መዳፍ ላይ የገባ ጠጠር ማውጣት ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ።

ቀጥሎ ጎማ። ብዙ ሰው ወፍራም የኋላ ጎማ ያስገባል ለማማር፣ እሱ ሰንሰለት ሊነካ ይችላል፣ ሞተሯንም ያከብዳታል። እኔ የፋብሪካውን ልክ ሳልለቅ ጥርሱ ጠለቅ ያለውን ገዛሁ፣ ለቀይ አፈር። ስትገዙ ጎኑ ላይ አራት ዲጂት ቁጥር አለ፣ 2318 ካለ በ2018 በፈረንጅ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፣ ሱቅ ውስጥ ስድስት ዓመት የደረቀ ጎማ "አዲስ ነው" ብለው ይሸጡላችኋል። ንፋሱም ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ድሮ ጎሚስታው ሳይጠይቀኝ 40 ፒኤስአይ ይነፋልኝ ነበር፣ ለዛ ነው ኮረኮንች ላይ እንደ ኳስ ስትነጥር የነበረው። ማኑዋሉ ላይ ያለውን አስነፉ፣ ብቻ ስትሆኑና ሰው ስትጭኑ ይለያያል።

ፍሬን ላይ ምንም የተለየ ነገር አልገዛሁም፣ ጥሩ የፍሬን ሸራ አስገብተን ታምቡሩን አጽድተን አስተካከልነው፣ ሌላ ሞተር ሆነች። የታምቡር ፍሬን ውኃ ሲገባው ይከዳል፣ ስለዚህ ጎርፍ ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን በስሱ ይዛችሁ ትንሽ ሂዱ፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ከዛ ነው ፍጥነት የሚጨመረው።

ኮርቻው ደግሞ ለኔ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ነው፣ ሴቶች በተለይ ይሄን ስሙ። አንዳንዱ የኋላ ሞላውን አሳጥሩት ይላችኋል፣ እሺ እንዳትሉ፣ ሰው ስትጭኑ ጎማው ፓራፋንጎ ይመታል፣ የሞተሯም ሚዛን ይበላሻል። እኔ ሶፋ የሚሠራ ልጅ ጋ ወስጄ ከፊት በኩል ስፖንጁን ሦስት ሳንቲሜትር ያህል አስቀነስኩ፣ ጎንና ጎኑንም ጠበብ አደረገው፣ አሁን ሙሉ እግሬ ባይሆንም ግማሹ መሬት ይይዛል። ብዙ አታስቀንሱ፣ መጀመሪያ አምስት ሊቆርጥ ነበር፣ ያኔ ብረቱ ላይ ነው የምቀመጠው። እግሬ ማረፊያ ያጣል የሚለው ፍርሃት እዛ ላይ ነው የለቀቀኝ፣ ስቆም እንደማልወድቅ ሳውቅ አነዳዴ ሁሉ ተቀየረ።

ከኋላ ፖርቶመጋላ አስበየድኩ፣ የክትባት ሳጥኑ እዛ ላይ ነው የሚታሰረው። በያጁ በጣም ወደ ኋላ አውጥቶት ነበር፣ ስጭንበት መሪው ቀለለኝ፣ ኩርባ ላይ የፊት ጎማው መሬት ያልያዘ ይመስላል፣ አስመልሼ ወደ ኮርቻው አስጠጋሁት። ክብደት በተቻለ መጠን የኋላ ጎማው መሃል ላይ ወይም ከዛ ወደ ፊት ይሁን። የእግር መከላከያ ብረትም ያኔውኑ አስገባሁ፣ አንዴ ቆሜ ስትወድቅብኝ ማርሽ መቀየሪያውን አድኖልኛል።

መብራቱን በመጨረሻ ነው የሠራሁት፣ ሁለት ትናንሽ ኤልኢዲ፣ ተደምረው 20 ዋት ብቻ፣ ከባትሪው በራሱ ሽቦ፣ በራሱ ፊውዝና ሪሌይ። ከድሮው 110 ዋት በደንብ ያሳየኛል፣ ወደ ታች ዝቅ አድርጌ ስለገጠምኩት የሚመጣውን ሰውም አያሳውርም። ሠራተኛው ሪሌይ አያስፈልግም ካላችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ስፖኪዮውን ሰፋ ባለ ቀየርኩ፣ ክላክሱንም፣ እነዚህ ርካሽ ናቸው፣ አያከራክሩም። ሰንሰለት ላይ የተቃጠለ ዘይት ማፍሰሱን ትቼ አጽድቼ 90 የሚባለውን የማርሽ ዘይት በስሱ መቀባት ጀመርኩ፣ ሲወዛወዝ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ላላ እንዲል እያየሁ። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርስ የመቀየር ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ዳገት ለሚበዛበት ሰው የኋላውን ጥርስ ትንሽ ማሳደግ ይረዳል፣ ግን አስፋልት ላይ ትጮህባችኋለች፣ እኔ ሞክሬው መለስኩት፣ ዳገት የከበደኝ ለካ በማርሚታው ነበር።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን አልሠራሁትም፣ ጋሼ ራሳቸው ከለከሉኝ። አንድ ነገር፣ ከዛ ሁለት ሳምንት መንዳት፣ ከዛ ሌላው። ሦስት ነገር በአንዴ ቀይራችሁ ሞተሯ ብትታመም የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? እኛም መድኃኒት ሦስት በአንዴ ጀምረን ሽፍታ ሲወጣ የምንቸገረው ለዚህ ነው።

ወንድሜ አሁንም "የሽማግሌ ሞተር" ይላታል፣ ራሱ ሲቸገር ግን የሚለምነው እሷን ነው። ባልደረባዬ ማርሚታውን ትታ መጀመሪያ ሄልሜት እንድትገዛ ተስማምተናል፣ ቅዳሜ ሞተሯን ይዘን አብረን ጋሼ ጋ እንሄዳለን። አንድ ቀን ልቧ ካልቻለና ብትቀይራት እንኳ ኦርጅናሏን ለቁራሌ እንዳትሰጥ በእናቷ አስምያታለሁ።